የዘንዶው ሽኝት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በምንኖርበት አፓርታማ ውስጥ ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ ቡና አልተፈላም። የአሥራ አራት ዓመቱ ልጄ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ፣ ቻሪዛርድ የተባለው ዘንዶ ያለበት የፖኬሞን መጫወቻ ካርዱን ደረጃ ለሚያወጡ ባለሙያዎች ሊልክ በመሰናዳት ላይ ስለሆነ፣ የዕጣኑ ጢስ ካርዱ ላይ ያርፋል ብሎ እናቱን ለምኗት ነው። እኔ ታምሜ በተኛሁ ጊዜ እንኳ ያልታጎለ ቡና፣ እሳት ለሚተፋ ባለቀለም ዘንዶ ሲባል ታጎለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባለቤቱ ካርዱን ለድርጅት ይልካል፤ መርማሪዎቹ የምስሉን መሃል መያዝ፣ አራቱን ማዕዘኖች፣ ጠርዞቹንና ገጹን አይተው ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጡትና በጠንካራ ፕላስቲክ ያሽጉታል። 10 ያገኘውና 8 ያገኘው ካርድ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው መንታ ወንድማማቾች ናቸው፤ ገበያ ላይ ግን አንዱ ጌታ፣ ሌላው ሎሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የቤዝቦል ተጫዋቹ የሚኪ ማንትል የ1952 ካርድ በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ ነጥቡ 9.5 ነበር፤ ያቺ ግማሽ ነጥብ የት ላይ እንደጎደለች የሚያይ ዓይን እግዚአብሔር ለእኔ አልሰጠኝም።

ለልጄ ግን ሰጥቶታል። በመጀመሪያ እጁን በሳሙና ታጥቦ በደንብ ያደርቃል (ለእራት ታጠብ ተብሎ ሦስት ጊዜ የሚጠራ ልጅ መሆኑን አንባቢ ያስታውስልኝ)። ከዚያም የጠረጴዛ መብራቱን አጋድሞ፣ ካርዱን ወዲህና ወዲያ እያዘነበለ በአጉሊ መነጽር ጭረት ይፈልጋል፤ በጀርባው ሰማያዊ ጠርዝ ላይ የነጣ ነጥብ መኖር አለመኖሩን ይመረምራል፤ የግራና የቀኙን ኅዳግ ብርሃን በሚያሳልፍ ማስመሪያ ይለካል፤ አቧራውንም በመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ያነሳል። በመጨረሻ ስስ ፕላስቲክ ያለብሰውና በላዩ ከፊል ጠንካራ የሆነ መያዣ ይደርብለታል። ድንጋይ የሚያህለው ወፍራሙ መያዣ አይሻልም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ መርማሪዎቹ ከዚያ ውስጥ ሲያወጡት ማዕዘኑ ሊጎዳ እንደሚችል በትዕግሥት አስረዳኝ። ሙሽራ እንኳ በዚህ ጥንቃቄ አትሸኝም፤ የእኔዋ በላዳ ታክሲ፣ መስኮቱ በማይዘጋው በኩል ተቀምጣ ነው የመጣችው።

ከፋዩ እኔ ስለሆንኩ ዋጋውንም ጠየቅሁ። ክፍያው ባለቤቱ ለካርዱ በገመተው ዋጋ የሚወሰን ሲሆን፣ ካርዱ ጥሩ ነጥብ አምጥቶ ዋጋው ከግምቱ በላይ ከሄደ ድርጅቱ ልዩነቱን ሊያስከፍል ይችላል። ልጅ ከክፍሉ አንደኛ ወጣ ተብሎ ወላጅ ተጨማሪ ክፍያ የሚጠየቅበት ትምህርት ቤት አስቡ።

እኔም የአባትነቴን ለማገዝ ያህል፣ አንዱ ማዕዘን ትንሽ ሻከር ማለቱን አይቼ፣ «ለምን በመቀስ አናስተካክለውም?» አልኩ። ልጄ ነፍስ እናጥፋ ያልኩት ይመስል ደርቆ አየኝ። የተከረከመ መሆኑ የታወቀበት ካርድ ያለ ነጥብ ነው የሚመለሰው። ለነገሩ በዚህ ሐሳብ የመጀመሪያው ሰው እኔ አይደለሁም። ፒ.ኤስ.ኤ. የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ ደረጃ ያወጣለት ካርድ፣ ከመቶ ዓመት በፊት ከሲጋራ ጋር ይታደል የነበረው የቤዝቦል ተጫዋቹ የሆነስ ዋግነር ምስል ነበር፤ 8 አገኘ፤ በ2007ም በ2.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በ2013 ግን ቢል ማስትሮ የተባለው ነጋዴ ያንኑ ካርድ ከርክሞት እንደነበር ፍርድ ቤት ቀርቦ አመነ። እንግዲህ መቀሱ ሚሊዮኖች የሚያወጣው እስኪነቃበት ድረስ ነው።

እሑድ ዕለት ጋሽ ተፈራ መጡ። ዶሮ ወጡን አጣጥመው በልተው፣ ጣቶቻቸው ገና በቅቤ እያብረቀረቁ፣ «እስቲ ያን ወፍ አምጣው» ብለው ወደ ጠረጴዛው እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ልጄ ካርዱን በሁለት መዳፉ ከልሎ ቆመ። ባለቤቴ ማስታጠቢያ ይዛ ደረሰች። ነገሩ ሲብራራላቸው ጋሽ ተፈራ አልተቀየሙም፤ ታጥበው፣ አድርቀው፣ ጥቂት አሰቡና የኪስ ቦርሳቸውን ከፈቱ። አራት ቦታ የታጠፈ፣ የጃንሆይ ምስል ያለበት የድሮ አንድ ብር አወጡ።

«ከአገር ከወጣሁ ጀምሮ ከኪሴ ተለይቶ አያውቅም። ይኸስ ስንት ያወጣል?»

ልጄ መብራቱን አጋደመ፤ በአጉሊ መነጽሩ ማጠፊያዎቹን አንድ በአንድ አየ፤ አገላብጦም አየ።

«አንድ» አለ፣ በሐዘን።

«አንድ ብር መሆኑንማ» አሉ ጋሽ ተፈራ፣ «እኔም ያለ መነጽር አነበዋለሁ።»