በረዶው የሰማይ ነው፤ ዕዳውስ?

የዛሬ ሁለት ዓመት መስከረም ላይ ቢቸና አካባቢ ከባድ በረዶ ወረደ። የታላቅ ወንድሜ የአያ ጤፍ ሊያሸት ሲል መሬት ላይ ተኛ። ስደውልለት «ምን ይደረግ፣ የእግዜር ቁጣ ነው» አለኝ። እዚህ ሆላንድ ያለን የጎጃም ልጆችም ተሰብስበን ይህንኑ ተባባልን። ለዱቄትና ለብርድ ልብስ አዋጣን፤ ተበተንን። እኔን ግን ነገሩ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

በረዶ እዚህም ይወርዳል። በ2016 እ.ኤ.አ. ሰኔ ላይ በአገሩ ደቡባዊ ክፍል የወረደው፣ አንዳንዱ ከእንቁላል የሚበልጥ፣ የገበሬውን የመስታወት ግሪንሃውስ እንዳለ አድቅቆታል። ኪሳራው ከባድ ነበር። ኢንሹራንሱ ያልበቃው ገበሬም ብዙ ነው። ግን በዚያ በረዶ የተነሳ ቤተሰቡን ይዞ የተሰደደ ገበሬ አልሰማሁም። እዚህ መንግሥት ክፍያውን በከፊል የሚደጉመው የአየር ጠባይ ኢንሹራንስ አለ። ባንኩም ጊዜ ይሰጣል።

አያን የጎዳው ምንድን ነው? በረዶው የወረደው ለአንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ማዳበሪያውን ግን በዱቤ ነበር የወሰደው። ጤፉ ሄደ፣ ዕዳው ቀረ። ኅዳር ላይ አንዱን በሬ ለገበያ አወጣ። የዚያን ቀን አገሩ ሁሉ በሬ አውጥቶ ስለነበር በርካሽ ሸጠ። በቀረችው አንድ በሬ ከጎረቤት ጋር ልቀናጅ ቢል ጎረቤቱም ሸጧል። በቀጣዩ ክረምት መሬቱን ለሌላ ሰው የእኩል ሰጠ። በገዛ መሬቱ ላይ ግማሽ ምርት! ይህንን ሁሉ ያመጣው በረዶ ነው ብሎ ማመን አልቻልኩም።

ሌላም አለ። የቢቸና መረሬ፣ ጥቁሩ አፈር፣ እርጥበት ይይዛል። በዚያው መስከረም ጓያ ወይም ሽምብራ ደርቦ መዝራት ይቻል ነበር። ሰዉ በወንፈል ሊያርስ ተዘጋጅቶ ነበር። ዘሩ የለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ጦርነት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ከሌላ ቦታ ማምጣትም አይታሰብም። ሰማዩ ያላደረገውን እኛ ሰዎች ጨረስነው።

እግዚኦ ማለቱን አልነቅፍም፤ እኔም እላለሁ። «ምን ይደረግ» የሚለው ነው የሚያቃጥለኝ። የሆላንድ ሰዎች በ1953 እ.ኤ.አ. የባሕር ማዕበል 1,836 ሰው ገድሎባቸዋል። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ግድብ ሲሠሩ ኖሩ። በ2021 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ከባድ ዝናብ ጀርመንን፣ ቤልጂየምንና ሆላንድን አንድ ላይ ሲመታ ጀርመን ውስጥ ከ180 በላይ ሰው ሞተ፤ ቤልጂየም ውስጥ ወደ 40። እዚህ ሰው አልሞተም። በእርግጥ የሆላንድ ትልልቅ ወንዞች ቀስ ብለው ነው የሚሞሉት፤ የጀርመኑ ግን በጠባብ ሸለቆ በሌሊት ወረደባቸው። ቢሆንም የቬንሎ ከተማ ሆስፒታል ውሃው ሳይደርስ ታካሚዎቹን በሙሉ ወደ ሌላ ቦታ አዛውሯል። ጀርመንም ሀብታም አገር ነው። ገንዘብ ብቻውን አላዳነም፤ ቀድሞ የደረሰ ወሬና ቀድሞ የወጣ ሰው ነው ያዳነው።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ናዳው የቀበራቸውን ለማውጣት የሮጡትን ሌላ ናዳ ቀበራቸው፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። በእኛም ጎጃም ጮቄ ተራራ ሥር ያለውን ቁልቁለት የሚያርሰው ማን እንደሆነ እናውቃለን። ሜዳው ሲከፋፈል ያልደረሰው ጎጆ ወጪ ነው። አፈሩ ሲንሸራተት ያው እሱ ይሄዳል። ቦታው አደገኛ መሆኑን አጥቶት አይደለም፣ ሌላ ቦታ አጥቶ ነው።

ለማኅበራችን የምለው ይህንን ነው። ዱቄቱን መላኩን አናቋርጥ። ግን ከሚዋጣው ግማሹ ነሐሴ ሳያልቅ የጓያና የሽምብራ ዘር ይግዛ፣ እዚያው ቀበሌ ጎተራ ይግባ። ማሳው የጠፋበት ገበሬ የማዳበሪያ ዕዳው ወደ ቀጣዩ ምርት ይተላለፍለት ብለንም በስማችን እንጻፍ። አያ በሬውን ሳይሸጥ ቢከርም ኖሮ ዘንድሮ የራሱን መሬት ራሱ ያርስ ነበር።