ዘይት መሙላት ጥገና አይደለም

ይህንን የምጽፈው ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ጋራዥ በር ላይ ተቀምጬ፣ እጄ ላይ ያለው ዘይት እንኳ ሳይጠረግ ስለሆነ ቃሌ ከወትሮው ቢከር ይቅርታ አድርጉልኝ። በሁለት ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ የተጠራሁት ለአንድ ዕቃ ነው፤ ለዚያው ለግራው የፊት አሞርዛተር፣ ማለትም የጎማውን ንረት ለሚያበርደው ሾክ።

የታመመው ቱሬቱ፣ ማለትም መድፉን የተሸከመው የላይኛው ክፍል፣ ወርዶለት፣ ጭቃ የዋጣቸውን ከባድ መኪናዎች ለመጎተት ብቻ የቀረ አሮጌ ቲ-55 ታንክ ነው። የማን እንደሆነ አልናገርም፤ ብሶቴ ከአሠራሩ ጋር እንጂ ከስም ጋር አይደለም። ይህ ታንክ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1958 ሲሆን፣ ወደ አገራችን የመጣው በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት ነው። እኔም ሙያውን የለመድኩት ያን ጊዜ፣ አንድ ብሎን ሳይጠብቅ ቢቀር ሌሊቱን ሙሉ ከሚያስቆሙ አለቆች ሥር ነው። ዛሬ ጡረተኛ ብሆንም እነዚያ አለቆች አሁንም ከኋላዬ የቆሙ ይመስለኛል።

ላልገባው ሰው ነገሩን ላስረዳ። ሙሉ ትጥቁን የያዘ ቲ-55 ወደ 36 ቶን ይመዝናል። በየጎኑ 5 ጎማ አለው፤ እያንዳንዱም ከሆዱ ሥር ተጋድሞ በሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ፣ ማለትም በቶርሽን ባር ላይ ያርፋል። አሞርዛተር ያላቸው ግን የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጎማ ብቻ ስለሆኑ፣ በጠቅላላው ያሉት 4 ናቸው። ከአራቱ አንዱ ሲሞት ታንኩ መሄዱን አያቆምም፤ ትልቁ ችግርም ይኸው ነው። መሄድ ባይችል ኖሮ ሁሉም ይደነግጥ ነበር። ስለሚሄድ ግን ሹፌሩ ወደ ፊት እየሰገደ ይነዳል፣ የፊተኛው ጎማ ክንድ በየጉድጓዱ ማቆሚያውን ይደበድባል፣ ቶርሽን ባሩም ከሚገባው በላይ እየተጠማዘዘ ይደክማል። የቀኙ ቶርሽን ባር ለግራው እንደማይሆን ደግሞ ሲሰበር ካልሆነ በቀር የሚያስታውሰው የለም።

ይህ አሞርዛተር እንደ አይሱዙው ቱቦና ዘንግ ያለው አይደለም። ከታንኩ ገላ ጋር በብሎን የታሰረ የብረት ቤት ሲሆን፣ በውስጡ ክንፍ ያለው ዘንግ ይዟል። ጎማው ሲነሣና ሲወርድ በማያያዣ ክንድ አማካይነት ክንፉን ወዲያና ወዲህ ያዞረዋል፤ ዘይቱም ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በጠባብ ቀዳዳ እየተጨመቀ ሲያልፍ የጎማውን ንረት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። እንግዲህ ዘይቱ በቀዳዳው ብቻ እንዲያልፍ፣ በክንፉና በቤቱ ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ መሆን አለበት። ግድግዳው ከተጫረ ወይም ክንፉ ከተበላ፣ ከውጭ አንዲት ጠብታ ሳትታይ ዕቃው ሞቷል ማለት ነው። ይህንን ስናገር ሰዎቹ «ታዲያ ዘይት የት አፈሰሰ?» ብለው ይጠይቁኛል። የሚፈስ ዘይትም ቢኖር የቦርከና ወንዝ ዳር ዋልካ ክንዱ ላይ ተለጥፎ እንደ ድንጋይ ሲደርቅ ሁሉንም ይሸፍነዋል፤ ጭቃውን አጥቦ የሚያይ ግን የለም።

በመጀመሪያው ጊዜ፣ እኔ ከመጠራቴ በፊት፣ የካምቢዮ ዘይት ሞልተውበት ነበር። ወፍራም ዘይት የበለጠ ይይዛል የሚል ፍልስፍና መሆኑ ነው! ታንኩ ተጭኖ ደሴ ሄዶ ነበርና፣ ከጦሳ ተራራ በሚወርደው የጠዋት ብርድ የረጋው ዘይት በጠባቡ ቀዳዳ አላልፍ ብሎ አሞርዛተሩ እንደ ብረት ምሰሶ ደረቀ፤ ማያያዣ ክንዱም ተጣመመ። አጠብኩት፣ ክንዱን አቃናሁ፣ ትክክለኛውን ዘይት ሞላሁ፣ አየሩ እስኪወጣ ድረስ ክንፉን ቀስ እያልኩ ወዲያና ወዲህ አመላለስኩት። ይህ ማመላለስ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አረፋው እስኪያልቅ ድረስ ካልተሠራ አሞርዛተሩ የሚጨምቀው አየር ነው። በዚያው ቀን ዘንጉ «ኦይል ሲል» የሚባለው ዘይት እንዳይወጣ የሚከለክለው ቀለበት በሚያርፍበት ቦታ ላይ መበላቱን፣ ቶርኖ ቤት ሄዶ መሠራት እንዳለበትም ነገርኳቸው።

ተሠራ፤ ያለ እኔ ግን። ለሁለተኛ ጊዜ ስጠራ የተበላውን ቦታ በብየዳ ሞልተው፣ በቶርኖ ልጠው፣ ሳያለሰልሱ ገጥመውት አገኘሁ። ጥፍሬን ሳሳልፍበት እንደ ሞረድ ይፍቃል። በዚህ ላይ የገባ አዲስ ኦይል ሲል በጥቂት ቀን ውስጥ ተበልቶ አለቀ። የቶርኖውን ልጅ አልወቅሰውም፤ «ቶሎ በል» ተብሎ፣ ዋጋውም እንደ ሰኞ ገበያ ድንች ተከራክረውበት፣ መለኪያ ሳይሰጠው የሠራ ልጅ ነው። ወቀሳዬ አሮጌውን ዘንግ በካሊፐር ለክቶ በወረቀት ላይ ጽፎ ለመስጠት ሩብ ሰዓት በጠፋበት ሰው ላይ ነው።

ዛሬ ደግሞ የጭነት መኪና አሞርዛተር ይዘው ጠበቁኝ። «ጋሼ፣ ሁለቱም ሾክ አይደሉም እንዴ? ታንኩ ላይ በይደው» አሉኝ። የአንዱ ርዝመት፣ ጉልበትና አሠራር ከሌላው ጋር እንደማይገናኝ ሳስረዳ የተሰጠኝ መልስ አንድ ቃል ነው፤ «አብሽር»። ይህ ቃል በወሎ ለታመመ፣ ለከሰረ፣ ሐዘን ለደረሰበት ሰው የሚባል ውድ ቃል ነበር። እኔም እናቴን ስቀብር በዚሁ ቃል ተጽናንቻለሁ። አሁን ግን ያልተለካ ዘንግና ያልታጠበ ጭቃ ሁሉ መሸፈኛ አድርገውታል፤ ብሎኑ አልጠበቀም ስትል አብሽር፣ የኦይል ሲል ቀለበቱ የሌላ መኪና ነው ስትል አብሽር። ሰው ይጽናናል፤ ብረት አብሽር ቢሉት አይሰማም።

ከሰዓት በኋላ ታንኩን እስከ ወንዙ ድረስ አስነድቼ እንደተመለሰ፣ እዚያ የሚሠራውን ረዳት ጠርቼ አራቱንም አሞርዛተሮች በእጁ እንዲነካ አደረግሁ፤ የሚሠራ አሞርዛተር ከጉዞ በኋላ ይሞቃልና። ልጁ ሦስቱን ሲነካ እጁን ቶሎ አነሣ። በአራተኛው ላይ ግን መዳፉን አሳርፎ ቆየና፣ «ይኼስ ይቀዘቅዛል፣ ጋሼ» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ማንም ሳይነግረው ገባው። ባለቤቱ ከጀርባችን ቆሞ ሰምቶናል። ጥቂት አሰበና፣ «እንግዲያው ትንሽ ዘይት ጨምርበትና ነገ ጠዋት ሥራ ይግባ» አለ።