ስልኩን የገዛሁት እኔ፣ በኪቦርዱ የሚያዝዝበት ሌላ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ስነሣ ስልኬ መጻፍ ተስኖት ጠበቀኝ። ሌሊቱን ቻርጀር ላይ ተሰክቶ፣ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር እንደተገናኘ ነው ያደረው፤ በዚያው ሌሊት ከስልኩ ጋር አብሮ የመጣው ኪቦርድ ማንንም ሳያስፈቅድ ራሱን አዘምኗል። ለእናቴ «እንደምን አደርሽ» ብዬ ልጽፍ ሳጥኑን ስነካ ፊደላቱ ብልጭ ብለው ጠፉና «ኪቦርዱ ሥራ አቁሟል» የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ዘጋሁት፤ ደግሜ ነካሁ፤ ደግሞ ወጣ።

ኪቦርድ ሲበላሽ የሚበላሸው መልእክት መላኩ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ እንደዚያው ይመስለኝ ነበር። መደወያው የራሱ ቁጥሮች ስላሉት ስልክ መደወል እችላለሁ። ዳታዬ አልቆ ስለነበር ጥቅል ልገዛ *999# ብዬ ደወልኩ፤ ዝርዝሩ መጣ፤ ምርጫዬን አስገባ አለኝ፤ «1» ብዬ ልመልስ ሳጥኑን ስነካ ያው ማስታወቂያ ወጥቶ ዝርዝሩን ሸፈነብኝ። አንዲት ቁጥር መጻፍ አቅቶኝ፣ ጥቅሉን በስልኩ የገዛልኝ የጎረቤት ልጅ ነው። መፍትሔ በኢንተርኔት ልፈልግ ስል መፈለጊያው ጻፍ ይለኛል፤ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ልፈልግ ስልም እንደዚያው።

የመጀመሪያው ምክር እንደተለመደው «አጥፍተህ አብራው» ነበር። አጥፍቼ አበራሁት። መክፈቻዬን በቁጥር እንጂ በፊደል የይለፍ ቃል ባለማድረጌ ፈጣሪን አመስግኛለሁ፤ የቁጥር መክፈቻ የራሱ ሰሌዳ አለው፣ የፊደል የይለፍ ቃል ግን ያንኑ ኪቦርድ ስለሚጠራ፣ ያን መርጬ ቢሆን ኖሮ ከገዛ ስልኬ ውጭ በር ላይ ቆሜ እቀር ነበር። ሲበራ ማስታወቂያው አብሮ ተነሣ።

ቀጥሎ ወደ መተግበሪያዎች ዝርዝር ገብቼ ኪቦርዱን አስገድጄ አስቆምኩት፤ ለጊዜው ያስቀመጣቸውን ፋይሎች የሚጠርገውን «መሸጎጫ አጽዳ» የሚለውንም ነካሁ። (ይህን ቃል የመረጠው ሰው እጁ ይባረክ፤ እናቴ በመቀነቷ ጫፍ የምትቋጥረውን ብር ነው የሚያስታውሰኝ።) ለውጥ የለም። የቀረው «ውሂብ አጽዳ» የሚለው ነበር፤ እሱን ለመንካት ግማሽ ሰዓት አመነታሁ፤ ምክንያቱም ያ ኪቦርድ በሦስት ዓመት ውስጥ የዘመዶቼን ስም፣ የሰፈሬን ቦታዎች፣ የምደጋግማቸውን ቃላት ሁሉ ለምዶ፣ ሁለት ፊደል ስጽፍ የቀረውን ራሱ ይሞላልኝ ነበር። አጸዳሁት። የለመደው ሁሉ ሄደ፤ ብልሽቱ ግን ቀረ።

በምሳ ሰዓት ሰፈራችን ወዳለ የሞባይል ጥገና ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው ስልኩን ለአንድ ደቂቃ ያህል አገላብጦ ካየ በኋላ «ፎርማት መደረግ አለበት» አለኝ። ፎርማት ማለት ፎቶው፣ መልእክቱ፣ የባንኩ መተግበሪያ፣ ሁሉም ተጠርጎ ስልኩ እንደ አዲስ ይጀምራል ማለት ነው፤ የአንዲት ጥርስ ሕመም ነግሬው መንጋጋዬን ሊነቅል የተነሣ መሰለኝ። ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ።

ማታ ስልኩን በሴፍ ሞድ አስነሣሁት። በዚህ አሠራር እኔ ያወረድኳቸው መተግበሪያዎች በሙሉ ተኝተው ስልኩ ይዟቸው የመጣው ብቻ ስለሚሠሩ፣ ጥፋቱ የእኔ ይሁን የእሱ ይለያል። ማስታወቂያው እዚያም ወጣ። ቀኑን ሙሉ «ምን የማይረባ ነገር ጭነህበት ነው?» ስባል ውዬ ነበርና፣ ንጹሕ መሆኔ ቢረጋገጥም የሚሰማኝ ዳኛ አልነበረም።

ነገሩ አዲስ እንዳልሆነም አውቃለሁ። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. በብዙ አገሮች በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ኢሜይልና ሌሎች መተግበሪያዎች እየተከፈቱ ወዲያው ይዘጉ ነበር፤ ሰው ሁሉ የየመተግበሪያውን ባለቤት ሲወቅስ፣ ጥፋተኛው ግን ብዙ ተጠቃሚ ስሙን እንኳ ሰምቶት የማያውቅ ዌብቪው የተባለ፣ መተግበሪያዎች ድረ ገጽ የሚያሳዩበት የአንድሮይድ የውስጥ ክፍል ሆኖ ተገኘ። የተስተካከለው እስኪደርስ ድረስ ሰዎች ያገኙት ማምለጫ የእሱን ዝማኔ ማራገፍ ነበር።

እኔም ያንኑ አደረግኩ። ከስልኩ ጋር የመጣ መተግበሪያ ሥሩ ተጠቃሚው በማይደርስበት የስልኩ ክፍል ስለሚቀመጥ ሊወገድ አይችልም፤ ከላዩ የተደረበውን ዝማኔ አራግፎ ስልኩ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት መመለስ ግን ይቻላል። አራገፍኩት፤ ኪቦርዱም ሠራ። ነገር ግን የፋብሪካው ኪቦርድ አማርኛ አያውቅም ነበር፤ የአማርኛው ፊደል የመጣው ለካ ከኋላ በተጫነው ዝማኔ ነው። እንግዲህ አማርኛ ከፈለግኩ ላዘምን፣ ካዘመንኩ ደግሞ ይሞታል። ለእናቴ «እንደምን አመሸሽ» የሚለውን በላቲን ፊደል ላክሁላት፤ ከግእዝ ፊደል ሌላ አታነብምና ደውላ «ልጄ፣ ይሄ የላክኸው ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ።

በመጨረሻ አንድ የሥራ ባልደረባዬ አማርኛ ያለውን የሌላ ኪቦርድ ማስፈንጠሪያ በቴሌግራም ላከልኝና ጫንኩት። ልጀምረው ስል ስልኩ አስቁሞ ይህ ኪቦርድ የይለፍ ቃሌንና የካርድ ቁጥሬን ጨምሮ የምጽፈውን ሁሉ ሊሰበስብ እንደሚችል አስጠነቀቀኝ። ማስጠንቀቂያው ተገቢ ነው፤ አልከራከርም። እኔን ያበገነኝ፣ ሌሊት ተኝቼ ሳለ የራሱን ኪቦርድ ሲለውጥ አንዲት ቃል ያልተነፈሰ ስልክ፣ እኔ በገዛ እጄ የመረጥኩትን ልጠቀም ስል ግን እንደ ጥበቃ በር ላይ መቆሙ ነው።

አሮጌው ኪቦርድ አሁንም ቦታውን ይዞ ተቀምጧል። ማስወገጃው ቁልፍ ደብዝዞ ስነካው አይሰማም፤ የዝማኔ መደብሩ ደግሞ በየቀኑ ስሙን ከላይ እያሰፈረ «አዘምን» ይለኛል።