ተከራካሪ የሌለበት ሦስት ሰዓት

በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የነዳ ወይም በመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ትኬት የቆረጠ ሐበሻ፣ ፖለቲካ ቢወድም ባይወድም፣ የአሜሪካዊውን ወግ አጥባቂ የሬዲዮ አቅራቢ የረሽ ሊምባውን ድምፅ ሳይሰማ አልቀረም። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከእኩለ ቀን ጀምሮ ለሦስት ሰዓት፣ ይህ ሰው በኤ.ኤም. 630 ላይ ዴሞክራቶችን ሲቦጭቅ፣ ለሴቶች መብት በሚከራከሩት ሲያላግጥ፣ በስደተኛ ሲያማርር ይውል ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 በ70 ዓመቱ በሳንባ ካንሰር ከሞተ ዓመታት ቢያልፉም ነገሩ እስካሁን ከሆዴ አልወጣም፤ ያንገበገበኝም እርሱ የተናገረው ሳይሆን የእኛው ሰው ሦስቱን ሰዓት ሙሉ ወዶና ፈቅዶ ማዳመጡ ነው።

በኤርፖርት የታክሲ መጠባበቂያ ቦታ ወረፋችን እስኪደርስ ስንቆይ፣ ጋሼ የምላቸው አንድ አንጋፋ ሾፌር የመኪናቸውን በር ወለል አድርገው ከፍተው ሊምባውን ለሁላችንም ያሰሙን ነበር። እኚህ ሰው በደርግ ዘመን ሬዲዮ የሚያወራው የአንድ ወገን ወሬ ብቻ መሆኑ እንዴት እንዳስመረራቸው፣ ማታ ማታ በር ዘግተውና ድምፁን ዝቅ አድርገው የጀርመን ድምፅን ይከታተሉ እንደነበር ሳያነሡ ቡና የሚጠጡ አይደሉም። አንድ ቀን ታዲያ አላስችል አለኝና፣ «ጋሼ፣ የአንድ ወገን ወሬ አንገሽግሾኝ ነው አገሬን የለቀቅሁት ይሉ አልነበረም እንዴ?» አልኳቸው። «ያንን መዝጋት አይቻልም ነበር፤ ይኼን ስፈልግ እዘጋዋለሁ፤» አሉኝ። «ታዲያ ለምን አይዘጉትም?» ብላቸው፣ ለአፍታ እንኳ ሳያስቡ «ያስቀኛላ!» አሉ።

ይህ መልስ ያናደደኝን ያህል ትክክል ነው። ሊምባው ያስቃል። አገር ቤት የሬዲዮ ጋዜጠኛ ክብሩ ድምፁ ነው፤ ትንፋሹን ቆጥቦ፣ ቃላቱን አጥርቶ፣ «ገልጸዋል» እና «አስታውቀዋል» እያለ ያነብባል፤ የወረቀት ኮሽታ በማይክሮፎን ከገባ ደግሞ አለቃው ይቆጣዋል። ይህ ሰው ግን ወረቀቱን ሆን ብሎ ማይክሮፎኑ ሥር ያንኮሻኩሸዋል፤ ማስረጃው በእጁ እንዳለ አድማጩ በጆሮው እንዲያየው ነው። ጠረጴዛውን በመዳፉ ይደበድባል። ዓረፍተ ነገሩን መሀል ላይ ያቆምና ዝም ይላል፤ ሬዲዮው የተበላሸ እስኪመስል ድረስ ዝም ካለ በኋላ ቀሪውን በሹክሹክታ ይጨርሰዋል። ችሎታው ከእግዚአብሔር በውሰት የተሰጠው እንደሆነ፣ ተቃዋሚዎቹን የሚረታውም ውድድሩ ፍትሐዊ ይሆን ዘንድ የአንጎሉን ግማሽ ከጀርባው አስሮ እንደሆነ በየቀኑ ያውጃል። ይህን በዓውደ ምሕረት የሚናገር ሰው ቢገኝ ጋሼ ራሳቸው ጎትተው ያወርዱት ነበር፤ ከሬዲዮ ሲመጣ ግን ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

እዚህ ለመድረስ ብዙ ተባርሯል። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1951 በሚዙሪ ግዛት፣ ኬፕ ጂራርዶ በምትባል ከተማ፣ አያት፣ አባትና አጎት ሁሉ የሕግ ሰው በሆኑበት ቤት ነው። ልጁ ግን ገና በጉርምስናው፣ አባቱ ድርሻ በነበራቸው የከተማይቱ ጣቢያ ዘፈን ማጫወት ጀመረ፤ ኮሌጁንም በሁለት ሴሚስተር ጥሎ ወጣ። ልጁን ለሕክምና ወይም ለምህንድስና ያጨ ወላጅ ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። በፔንሲልቬኒያ ጄፍ ክሪስቲ በሚል የአየር ስም ሠርቶ ከሥራ ተሰናበተ፤ ሬዲዮ አልሆን ሲለው በ1979 ካንሳስ ሲቲ ሮያልስ ለተባለው የቤዝቦል ቡድን ትኬት ሻጭ ሆኖ ተቀጠረ፤ ወደ ሬዲዮ ተመልሶም አሁንም ተባረረ። በ1984 በካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ አንድ ጣቢያ ማይክሮፎኑን ሰጥቶ እንዳሻው እንዲናገር እስኪለቅቀው ድረስ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው ገና ቦታውን አላገኘም ነበር።

ቦታውን ያሰፋለት ግን አንደበቱ ብቻ አልነበረም። ከ1949 ጀምሮ በአሜሪካ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አከራካሪ የሕዝብ ጉዳይን ሲያነሡ የተለያዩ ወገኖችን ሐሳብ እንዲያሰሙ የሚያስገድድ መመሪያ ነበረ። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ተቆጣጣሪ የሆነው የፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን ይህን መመሪያ በነሐሴ 1987 አነሣው፤ ሊምባውም ዓመት ሳይቆይ፣ በነሐሴ 1988፣ በኒው ዮርክ ተቀምጦ በ56 ጣቢያዎች ለመላው አገር ማሰራጨት ጀመረ። ዘፈኑ ወደ ኤፍ.ኤም. ስለሸሸ የኤ.ኤም. ጣቢያዎች በምን እንደሚኖሩ ግራ የገባቸው ወቅት ነበር፤ የሊምባው ሰዎች ፕሮግራሙን በነፃ ወስዳችሁ በምትኩ የማስታወቂያ ደቂቃ ስጡን ሲሉ ባለ ጣቢያው ምን ይጠይቃል! ጣቢያዎቹ በኋላ ከ600 በላይ፣ ሳምንታዊ አድማጮቹም ከአሥር ሚሊዮን እጅግ የበለጡ ሆኑ፤ በ2008 የፈረመው የስምንት ዓመት ውል 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደነበር ተዘግቧል። በ1994 ሪፐብሊካኖች የተወካዮችን ምክር ቤት ሲቆጣጠሩ አዲሶቹ ተመራጮች የክብር አባል አድርገውታል። አገር ቤት አንድ ወገን ብቻ እንዲናገር የሚያደርገው መንግሥት ነው፤ እዚህ መንግሥት እጁን አነሣና ገበያው ያንኑ ሠራው።

በሦስቱ ሰዓት ውስጥ ታዲያ እንግዳ የሚባል የለም ማለት ይቻላል። ደዋይ አለ፤ እርሱም ተጣርቶ ነው የሚገባው፤ የደዋይ ዋና ሥራ እርሱን ማሳመር እንደሆነ ደግሞ ሊምባው ራሱ ሳያፍር ተናግሮታል። አገር ቤት ደዋይ መስመሩን ሲያገኝ አዘጋጁን፣ የጣቢያውን ሠራተኞች፣ «እዚያ ያላችሁትን በሙሉ» ሰላም ይላል፤ አዘጋጁም የእግዜር ሰላምታውን መልሶ «እባክዎ ሬዲዮዎን ይቀንሱልን፣ ሐሳብዎንም አጠር አድርገው» ሲል ይለማመጠዋል፤ በመጨረሻ መስመሩ ይቋረጥና ሐሳቡ ሳይነገር ይቀራል። የሊምባው አድማጮች ግን ሰላምታውንም ውዳሴውንም ጠቅልለው «ዲቶ» ይላሉ፤ ከእኔ በፊት የደወለው ያመሰገነህን ያህል እኔም አመሰግንሃለሁ ማለት ነው። ራሳቸውንም በዚሁ ስም እየጠሩ ይኮሩበታል። እኔ እዚያ ታክሲ ውስጥ ሆኜ፣ አዘጋጁን «ተሳስተሃል» የሚለውን፣ ሰላምታው አላልቅ የሚለውን የአዲስ አበባ ደዋይ ናፍቄያለሁ።

በ2001 ይህ ሰው የመስማት ችሎታውን ከሞላ ጎደል አጣ። ሕመሙ ያሳዝናል፤ ጽናቱንም አደንቃለሁ። ደዋዮች የሚሉትን ረዳቶቹ በጽሑፍ እያሳዩት፣ በዓመቱ መጨረሻ በቀዶ ሕክምና የመስሚያ መሣሪያ እስኪገጠምለት ድረስ ሥራውን ቀጠለ፤ ፕሮግራሙም ያው ነበር። ከብርታቱ ይልቅ እኔን ያስገረመኝ ይህ ነው፦ ሌላው ሰው የሚለውን በጆሮው ሳይሰማ በየቀኑ ሦስት ሰዓት ሙሉ መከራከር ችሏል።

ጭካኔው የሚገባው በዚሁ ሳቅ ተሸፍኖ ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት በኤድስ በሚሞቱ ሰዎች ላይ በዘፈን እየታጀበ የሚያፌዝበት ክፍል ነበረው፤ በኋላ ራሱ ተጸጽቻለሁ ብሎበታል። በ2006 ደግሞ በፓርኪንሰን የታመመ አንድ ታዋቂ ተዋናይ ለዴሞክራት ዕጩዎች ድጋፉን ሲገልጽ፣ ሊምባው ወይ መድኃኒቱን ሳይወስድ ቀርቶ ነው ወይ እያስመሰለ ነው አለ፤ በስቱዲዮው ካሜራ ፊትም የታማሚውን መንቀጥቀጥ አስመስሎ አሳየ። በማግሥቱ የታክሲ ሾፌሩ ሁሉ ወሬ ይኸው ሆነ፤ ጋሼም «ይኼስ ግፍ ነው» አሉ። ሬዲዮውን ግን አልዘጉትም። በ2012 በምክር ቤት አባላት ፊት ቀርባ ስለ ወሊድ መከላከያ መድኃኒት የተናገረች አንዲት የጆርጅታውን የሕግ ተማሪን ለቀናት ደጋግሞ በአፀያፊ ቃል ሰደባት። እኛ ጋ የሰው ልጅ እንዲህ ከተሰደበች ሽማግሌ ይላካል፤ እዚህ ሽምግልናውን ያዙት ማስታወቂያ አስነጋሪዎቹ ናቸው፤ አንድ በአንድ ሲሸሹት ይቅርታ ጠየቀ።

የኢሚግሬሽን ነገር ሲነሣ ደግሞ ትዝብቴ ትዝብት መሆኑ ቀርቶ ንዴት ይሆናል። በ2007 ወረቀት ለሌላቸው በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ሰዎች በር ይከፍት የነበረው ሕግ በሴኔቱ ሲወድቅ፣ አድማጭ ስልክ እየደወለ ሴናተሮቹን እንዲያጨናንቅ ከገፋፉት ድምፆች ዋነኛው የእርሱ ነበር። በዚያ መጠባበቂያ ቦታ ላይ ቤታቸው ውስጥ ወረቀት የሌለው ዘመድ ያስጠጉ ሾፌሮች ነበሩ። ፅንስ ማስወረድንና የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን ስለሚቃወም «ሃይማኖት የሚያከብር ሰው ነው» እያሉ ይሟገቱለት ነበር፤ አራት ጊዜ ማግባቱንም፣ በ2003 የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሱሰኛ መሆኑን ማመኑንም አላነሡበትም። እኔም ሱሱን ላነሣበት አልሻም፤ በሱስ በተያዙት ሌሎች ሰዎች ላይ ዕድሜውን ሁሉ ጠንክሮ መናገሩ ግን አይረሳኝም።

በየካቲት 2020 ካንሰሩን በሬዲዮ በተናገረ ማግሥት ፕሬዚዳንት ትራምፕ በምክር ቤት ንግግራቸው መሀል የነፃነት ሜዳልያ ሲያሸልሙት፣ ግማሹ አዳራሽ ቆሞ ሲያጨበጭብ ግማሹ ተቀምጦ ቀርቷል። ከሞተ በኋላ ሰዓቱን የተረከቡት ሁለት ሰዎች ናቸው።

የእኛው ዩቲዩበር ግን ሁሉንም ብቻውን ይዞታል። ድሮ ፓልቶክ በሚባሉት የኢንተርኔት የድምፅ መወያያ ክፍሎች ቢያንስ እጅ የሚያወጣ፣ ማይክ የሚለምንና የሚንጫጫ ነበረ። ዛሬ በአሜሪካ ምድር ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ካሜራውን ይከፍትና «ሰላም ሰላም ውድ ተከታታዮቼ» ብሎ ይጀምራል፤ ሰብስክራይብና ላይክ ለመለመን ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚያ አገር ቤት ያለውን ወገኑን በወገኑ ላይ ያነሣሣል። ከሊምባው የወሰደው ብቻውን መናገሩንና መሳደቡን ነው። ሊምባው በየቀኑ አንብቦና ወረቀት ከምሮ ይገባ ነበር፤ ይኼኛው ያነበበው ትናንት ማታ የተላከለትን የቴሌግራም መልእክት ነው። ሳቅማ ፈጽሞ የለም።

ከእነዚህ ለአንዱ፣ ስሙን ልተወውና፣ የምትሰድባቸው ሰዎች መልስ እንዲሰጡ ለምን አንድ ቀን አትጋብዛቸውም ስል በትሕትና ጻፍኩለት። ሊምባው እንኳ የሚቃወመው ደዋይ ሲገኝ ከሰልፉ ፊት አስቀድሙልኝ ይል ነበር፤ ሊጫወትበት ቢሆንም ያስገባው ነበር። የእኛው ሰው አስተያየቴን አጠፋና እኔን ብሎክ አደረገኝ፤ በማግሥቱም ስሜን ሳይጠራ «የተላኩ ሰዎች አሉ» ብሎ ሃያ ደቂቃ ሙሉ እንደተናገረብኝ ከጓደኛዬ ስልክ ላይ ሰማሁ። መልስ ልስጥ ብል መግቢያ የለኝም።