ልጄ ሰነፍ አይደለም!

ዛሬም ደብተሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ሰነፍ! ጽሑፍህን አስተካክል» ተብሎ መጣ። አሁንስ በቃኝ!

ልጄ አራተኛ ክፍል ነው። ስለ ልብ ጠይቁት፤ አራቱን ክፍሎች እየጠራ ደም እንዴት እንደሚዞር ያስረዳችኋል። 231ዱን ፊደል አንድ ሳይስት ያነባል። ጻፍ ሲባል ግን እርሳሱን አንቆ ይይዛል። ወረቀቱ ይቀደዳል። ጣቱ ይሰረጉዳል። ሦስት መስመር ሳይጨርስ ሰሌዳው ይጠፋል። ዲስግራፊያ የሚባል የመጻፍ ችግር ነው። እጁ እንጂ ጭንቅላቱ አልደከመም።

የባለሙያውን ወረቀት ይዤ ትምህርት ቤቱ ስንቴ ተመላለስኩ! «ለአንድ ልጅ ብለን አሠራር አንቀይርም» አሉኝ። ምን ጠየቅኳቸው? ፈተና ላይ ሃያ ደቂቃ ጭማሪ። አንዳንዱን በቃል እንዲመልስ። ከሰሌዳ የሚገለበጠውን ኖት ፎቶ ኮፒ። ብሩን እኔ እከፍላለሁ አልኩ እኮ! ይሄ ይከብዳል? አገሪቱ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን ካጸደቀች ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነ? እስከ መቼ እንለማመጥ?

ማታ ደብተሩን ትራስ ሥር ደብቆ አገኘሁት። «እማዬ፣ እኔ ደደብ ነኝ እንዴ?» አለኝ።

ምን ብዬ ልመልስለት?