ዴሞ ዛሬ ይነደፍ ወይስ ይቆይ?

ደቡብ ፈረንሳይ፣ ካዳራሽ ላይ የሚገነባው ኢተር የተባለው የፊውዥን (ቀላል የአቶም አስኳሎችን አዋህዶ ኃይል የማውጣት) ማሽን ፕላዝማው (እጅግ የጋለው ጋዝ) ውስጥ 50 ሜጋዋት ሙቀት አስገብቶ 500 ሜጋዋት እንዲያወጣ ታስቧል። ኤሌክትሪክ ግን አያመነጭም። ያ ሥራ ከሱ ለሚከተለው ማሳያ ሬአክተር፣ ለዴሞ፣ የተተወ ነው። አውሮፓውያን ኢተር ሳያልቅ የዴሞን ንድፍ ጀምረዋል። ደግ አደረጉ? ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር የተነሳ ሙግት ነው። ቡናው ቢያልቅም ሙግቱ ስላላለቀ ወደ ወረቀት ዞረ።

የባቡር ወርክሾፕ ጡረተኛው፦
ኩሽኔታ ሲበላ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳምጥ ነበር። ከዛ ፈትቼ አያለሁ። ይሄ ማሽን ግን አንዴ ከሠራ ሰው አይገባበትም። ከፕላዝማው የሚወጣው ኒውትሮን የሚሉት ቅንጣት ብረቱን ራሱን ጨረር አመንጪ ያደርገዋል። 14 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው ኒውትሮን ለዓመታት የደበደበው ብረት ምን እንደሚሆን በእውነተኛ ሬአክተር ውስጥ ያየ የለም። ባልተፈተነ ብረት ምኑን ትነድፊያለሽ ልጄ? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

የፊዚክስ መምህሯ፦
አቦ ጋሼ፣ ይስሙኝማ። የኔ ጭንቀት ነዳጁ ነው። ትሪቲየም የሚባለው ከባድ ሃይድሮጅን በ12.3 ዓመት ግማሹ ይጠፋል። 1000 ሜጋዋት የፊውዥን ኃይል ዓመቱን ሙሉ ለማውጣት 56 ኪሎ ገደማ ይነዳል፤ ዓለም ላይ ገበያ የሚወጣው ከዚህ በታች ነው። ስለዚህ ዴሞ ነዳጁን ራሱ መፈልፈል አለበት። ፕላዝማውን ሊቲየም ያዘለ ሽፋን ይከበዋል፤ ኒውትሮን ሊቲየሙን ሲመታው ትሪቲየም ይወጣል። ኢተር ላይ የሚገጠመው የዚህ ሽፋን የሙከራ ቁራጭ ብቻ ነው። ሽፋኑ ቦታ ይፈልጋል። ቧንቧውም ይፈልጋል። ሰው አይገባም ስላሉ፣ የሮቦቱ ክንድ የሚያልፍበት በርም ያንኑ ቦታ ይሻማል። ይሄ ሽሚያ ካልተሳለ በምን ይታያል? ብረቱም ቢሆን፣ ስፔን ግራናዳ አጠገብ በኒውትሮን የሚፈተንበት ተቋም እየተሠራ ነው። ለየትኛው ክፍል፣ ስንት ዓመት የሚችል ብረት ይፈተን ሲባል መልሱ ያለው ንድፉ ላይ ነው።

ጡረተኛው፦
ሽሚያውንስ አውቀዋለሁ። አንድ ቡሎን ለመድረስ ሦስት ጤነኛ ቱቦ የፈታሁበት ቀን ስንት ነው! እሺ፣ ሥዕሉ ይቀጥል፤ ብረት ግን አይቆረጥ። ደግሞ ሽፋኑን ሳይሆን በሩን አስቀድማችሁ ሳሉ። በየት ገብቶ፣ የተበላውን ሽፋን በየት እንደሚያወጣው የሚያሳየውን ገጽ ላኪልኝና እመለስበታለሁ።