አጫጫኑን ከጻፋችሁ መመለሻውንም ጻፉ

በጎንደር የኮምፒውተር ተማሪዎችና የስልክ ጠጋኞች ዘንድ «የአማርኛ የቴክኖሎጂ ዊኪ በጋራ እናዘጋጅ» የሚል ሐሳብ ሲነሳ አንድ ጥያቄ ያጨቃጭቃል፦ አምራቹ ያልፈቀደው የአጫጫን መንገድ ገጽ ይኑረው ወይስ ይቅር? የሚቃወሙት «ሰው ተከትሎት ስልኩ ቢዘረፍ ተጠያቂው ማነው?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ዝም ማለት አይደለም።

መንገዱ ዊኪ ኖረም አልኖረ አለ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አይዘነጋም። ፕሌይ ስቶር መግባት ያልቻለ ሰው አፕ የሚያገኘው ከሌላ ሰው ስልክ ወይም ከጥገና ቤት ፍላሽ ነው። ችግሩ በአፍ የሚተላለፈው የሥራው ግማሽ ብቻ መሆኑ ነው።

ኤፒኬን፣ ማለትም የአንድሮይድ አፕ መጫኛ ፋይልን፣ እንይ። ከአንድሮይድ 8 ወዲህ «ያልታወቁ መተግበሪያዎችን ጫን» የሚለው ፈቃድ ለእያንዳንዱ አፕ ለየብቻ ይሰጣል። አብዛኛው ሰው ለቴሌግራም ፈቅዶ እንደበራ ይተወዋል፤ ከዚያ በኋላ በቴሌግራም የሚመጣ ማንኛውም ኤፒኬ ለመጫን አንድ መታ ማድረግ ብቻ ይቀረዋል። ሌላው የባሰ ነው። ስልኩ «አፑ አልተጫነም፣ ካለው ጋር ይጋጫል» ሲል «የድሮውን አጥፍተህ ጫን» ይባላል። ያ መልእክት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው አዲሱ ፋይል የተፈረመበት ዲጂታል ቁልፍ (የሠሪው መታወቂያ) ከነባሩ ስለሚለይ ነው፤ ሠሪው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የባንክ አፕ ከሆነ የድሮውን ማጥፋት ማለት ሌባ እየገባ ውሻውን ማሰር ነው። እርግጥ ኤፍ-ድሮይድ የተባለው የነጻ አፖች ማከማቻ ብዙ አፖችን በራሱ ቁልፍ ስለሚፈርም ንጹህ አፕም ሊጋጭ ይችላል። ይህን ለመለየት ኤፒኬሳይነር በተባለ የኮምፒውተር መሣሪያ የፊርማውን አሻራ (መለያ ቁጥሩን) አውጥቶ ሠሪው በድረ ገጹ ካወጣው ጋር ማስተያየት ነው፤ የመልእክት አፑ ሲግናል ለምሳሌ የራሱን ያወጣል። ይህን የሚያስረዳ የአማርኛ ገጽ ቢኖር ከስንት ማስጠንቀቂያ ይሻላል።

ዊንዶውስም እንዲሁ ነው። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሁሉ ወደ ሩፉስ (መጫኛ ፍላሽ ወደሚያዘጋጀው ፕሮግራም) ይሄዳል፦ 8 ጊጋ ፍላሽ፣ አይኤስኦው (የዊንዶውስ መጫኛ ፋይሉ)፣ ከዚያ «ስታርት» ሲባል የቲፒኤምና የሴኪዩር ቡት (ሲነሳ ስርዓቱን የሚፈትሽ ጥበቃ) ግዴታን አንሳ የሚለውን ምልክት ማድረግ። ይህን ማንም ያውቀዋል። የማይነገረው የሚቀጥለው ነው። 24ኤች2 የተባለው የዊንዶውስ 11 እትም ፖፕካንት የተባለ የፕሮሰሰር ትእዛዝ ስለሚፈልግ ኮር 2 ዱዎ በተባለው አሮጌ ፕሮሰሰር ላይ ሩፉስም አያድነው፣ አይነሳም። ወርኃዊ ማሻሻያ ቢመጣም ማይክሮሶፍት ዋስትና አይሰጥም፤ ዓመታዊው ትልቁ ደግሞ ብዙ ጊዜ በራሱ ስለማይመጣ በእጅ መጫን አለበት። በነባሩ ላይ ያሻሻለ ሰው 10 ቀን መመለሻ አለው፤ ፎርማት ያደረገ ግን ፋይሉን አስቀድሞ ካልገለበጠ የለውም።

ተቃዋሚዎች አርች ሊኑክስ የተባለውን ስርዓተ ክወና ምሳሌ ቢያነሱ አይፈረድባቸውም፦ ተጠቃሚዎች በሚያዘጋጁት የኤዩአር ማከማቻ ሐምሌ 2017 ላይ ፋየርፎክስን የሚመስል ስም ያለው ጥቅል ከነሰላይ ሶፍትዌሩ ተገኝቷል። ነገር ግን የአጫጫን ስክሪፕቱ ለሁሉም ክፍት ስለነበር ሰው አንብቦ አጋለጠው፤ ጥቅሎቹም በሁለት ቀን ገደማ ተነሡ። በጥገና ቤት ፍላሽ ውስጥ ያለውን ማን ያነበዋል?

ክራክ (ያለ ክፍያ እንዲሠራ የተሰበረ ሶፍትዌር) ግን አይግባ። ሕጉን ለጊዜው እንተወውና፣ የመጀመሪያ እርምጃው «አንቲቫይረሱን አጥፋ» የሆነ፣ ፊርማው ተሰብሮ ከምንም ጋር ሊነጻጸር የማይችል ፋይል እንዴት ተብሎ ይመከራል?

ለሌላው ደንቡ አጭር ይሁን። ገጹ በየትኛው ስልክ ወይም ኮምፒውተር፣ በየትኛው እትም፣ መቼ እንደተሞከረ ይጻፍበት። ማራገፊያው ያልተሞከረ ገጽ በረቂቅነት ይቆይ። ፋይሉ ራሱ ዊኪው ላይ አይቀመጥ፤ ወደ ሠሪው ገጽ የሚወስድ አድራሻና አሻራው ይበቃሉ።